ከእንጦጦ ቁልቁል፣ ወደ እንጦጦ ሽቅብ

«ስፓ» የሚለው ቃል ዛሬ በየሆቴሉ ማስታወቂያ ላይ ይነበባል። ቃሉ በመጀመሪያ የአንዲት ከተማ ስም ነበር፤ በቤልጅየም አገር የምትገኝ፣ በማዕድን ውሃዋ የታወቀች ትንሽ ከተማ። ከዘመን ብዛት በውሃ ለመታከምና ለማረፍ የተዘጋጀ ሥፍራ ሁሉ በስሟ ይጠራ ጀመር። ሁለት ቋንቋዎችን በማገናኘት ለሚተዳደር እንደ እኔ ላለ ሰው ይህ ቃል አስቸጋሪ ነው። አስቸጋሪ የሆነውም አማርኛ ቃል ስላጣለት አይደለም፤ ብዙ ስላለው ነው። ከምድር ሆድ ሞቆ ለሚወጣው «ፍል ውሃ» እንላለን፤ ለሥጋና ለነፍስ ፈውስ ለሚፈለገው «ጠበል» እንላለን፤ ከብት ለሚጠጣው የማዕድን ውሃ ደግሞ ከኦሮምኛ ጋር ተጋርተን «ሆራ» እንላለን። ሦስቱም ቃላት የተገናኙበት ሥፍራ ቢፈለግ ከእንጦጦ ተራራና ከግርጌው የተሻለ ማግኘት ያዳግታል።

እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ መናገሻቸውን ከአንኮበር እያራቁ በ1870ዎቹ ወደዚህ ተራራ ሲያመጡ በቂ ምክንያት ነበራቸው። ሥፍራው ዙሪያውን ለመቃኘት ይመቻል፤ ጠላትም በቀላሉ አይወጣውም። በዚያ ላይ የጥንት ከተማ ፍርስራሽ መገኘቱ፣ ተራራው ቀድሞ የዐፄ ዳዊት መናገሻ ነበር የሚለውን ትውፊት አጠናከረው። ኃይሉ እያደገ የመጣ ንጉሥ ከጥንት ነገሥታት ጋር የሚያስተሳስረውን ቦታ መውደዱ አያስደንቅም። ከእንጦጦ ማርያም አጠገብ ያለውን የምኒልክ ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ግን ግርማ ሞገስ ያለው ሕንጻ ከጠበቀ ያዝናል። የሚያየው በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ቤት ነው።

በተራራ ላይ መኖር ለጦር አዛዥ ቢመችም ለቤተሰብ አይመችም። ብርዱ ያንቀጠቅጣል፤ ነፋሱና ጭጋጉ ፋታ አይሰጥም። ስንቁ ሁሉ ሽቅብ መጫን ነበረበት። ከሁሉ የከፋው ግን የማገዶ ነገር ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሠራዊትና አገልጋይ ያለበት ከተማ በየቀኑ የሚያነድደው እንጨት የተራራውን ደን እያራቆተ ሄደ። ከግርጌው ባለው ሜዳ ላይ ግን አየሩ ለስላሳ ነበር፤ ውሃውም ራሱ ፈልቶ ይወጣ ነበር። ንጉሡና ባለቤታቸው ጣይቱ፣ መኳንንቱም እየወረዱ በፍል ውሃው መታጠብን ልማድ አደረጉ። በድንኳን ሰንብቶ ገላን ታጥቦ ወደ ተራራው መመለስ፣ ዛሬ «የስፓ ዕረፍት» ከሚባለው ብዙ የሚለይ አይደለም።

በ1879 ዓ.ም. ጣይቱ በፍል ውሃው አካባቢ ቤት እንዲሠራ አድርገው ሥፍራውን «አዲስ አበባ» አሉት። መኳንንቱም በየአቅጣጫው ቦታ እየተመሩ ሰፈሩ። ይሁን እንጂ ቤተ መንግሥቱ ጠቅልሎ እስኪወርድ ጥቂት ዓመታት ወስዷል። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የደፉትም ከዚያ በኋላ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም.፣ በተራራው ላይ በእንጦጦ ማርያም ነው። ለመታጠብ ወደ ታች ተወረደ፤ ለመንገሥ ግን ወደ ላይ ተወጣ።

ይህ ታሪክ ሲተረክ አብዛኛውን ጊዜ የሚዘለል ነገር አለ። ሜዳው ባለቤት አልባ አልነበረም። የቱለማ ኦሮሞ ጎሳዎች፣ ከእነርሱም መካከል ጉለሌዎችና ኤካዎች፣ በአካባቢው ከብት ያረቡ፣ መሬት ያርሱ ነበር። ምንጩንም «ፊንፊኔ» ይሉታል። የንግሥቲቱ አበባ ከመጠራቱ በፊት ውሃው ስም ነበረው፤ ወደ ሆራው የሚነዱ ከብቶችና እረኞችም ነበሩት። የቤተ መንግሥቱ ማረፊያ ወደ ከተማነት ሲያድግ ነባሮቹ ነዋሪዎች ከመሬታቸው እየተገፉ ሄዱ። ስለዚህ ለአንዱ የጤናና የዕረፍት ታሪክ የሆነው ለሌላው የመፈናቀል ታሪክ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ አንዱን አውርቶ ሌላውን መተው ግን ታሪክን ወደ ማስታወቂያ መለወጥ ነው።

አዲሲቱ ከተማም በማገዶ እጦት ተፈትናለች። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር እስከ መታሰብ ተደርሶ ነበር። ከውጭ የመጣው ባሕር ዛፍ በፍጥነት መብቀሉ ከተማዋን ካጸኑት ነገሮች አንዱ ሆነ። እንጦጦም በባሕር ዛፍ ተሸፈነ። ምቾት ግን ከታች፣ ከውሃው ዘንድ ቀረ። በ1898 ዓ.ም. የተመሠረተው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል የተከፈተው በከተማዋ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው ሂልተንም የመዋኛ ገንዳውን የሚሞላው ከዚያው ከፍል ውሃው ነው።

ተራራው ለማን ቀረ? በመጀመሪያ ለማገዶ ተሸካሚ ሴቶች። ወገባቸው እስኪጎብጥ እንጨትና ቅጠል ተሸክመው፣ ከደን ጠባቂ ጋር እየተሳደዱ፣ ቁልቁል ወደ ከተማ የሚወርዱ እናቶችንና ልጃገረዶችን የአዲስ አበባ ነዋሪ ሁሉ ያውቃቸዋል። ሁለተኛም ለሕመምተኞች። በ1990ዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘባቸው እጅግ ብዙ ሰዎች ከየአገሩ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል ይመጡ ነበር። በአካባቢው ጠባብ ቤት እየተከራዩ፣ ማለዳ በዚያ ብርድ ተጠምቀው፣ ለሳምንታትና ለወራት ይሰነብቱ ነበር። ጠበል ወይስ መድኃኒት የሚለው ጥያቄ የሕይወትና የሞት ጉዳይ ነበር፤ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ምእመናን መድኃኒታቸውን ከጠበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ መምከራቸው ለብዙዎች እፎይታ ሆኗል።

በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። ባሕር ዛፉ መካከል መንገድ ወጣ፤ ምግብ ቤቶች፣ የመዝናኛና የማረፊያ ሥፍራዎች ተሠሩ። ምኒልክና ጣይቱ ምቾት ፍለጋ የተዉትን ተራራ ዛሬ ምቾት ፍለጋ የሚወጡበት በዙ። ብርዱ ዛሬም ያው ነው፤ የተለወጠው ብርዱን ከውጭ ትቶ በሞቀ ክፍል ውስጥ ሆኖ ጭጋጉን መመልከት መቻሉ ነው። ይህን በክፉ ዓይን የምናይበት ምክንያት የለም። ንጹሕ አየር መሻት ኃጢአት አይደለም፤ ለከተማዋም ገቢ ነው፤ ሥራም ነው።

የሚያሳስበው የእንግድነት ጉዳይ ነው። በታሪካዊ ተራራ ላይ ማደር ከሌላ ቦታ ማደር የሚለየው ከእኛ በፊት ያደሩ ሰዎች ስላሉ ነው። በእንጦጦ ንጉሥ አድሯል፤ ጠበልተኛ አድሯል፤ ማገዶ ተሸካሚ ጎህ ሳይቀድ ወጥታለች። ከግርጌው የፊንፊኔ ሰው ከብቱን አጠጥቷል። የእንግዳ መቀበያ ጽሑፎች ስለ ምኒልክና ስለ ጣይቱ ጥቂት መስመር ቢጽፉ መልካም ነው፤ ስለ ቀሩት ሦስቱም አንዳንድ መስመር ቢጨምሩ ግን የበለጠ እውነት ይሆናሉ። ተርጓሚ «ስፓ»ን እንዳለ ቢተወው ማንም አይቀየመውም፤ «ፍል ውሃ»፣ «ጠበል» እና «ሆራ» ከነባለቤቶቻቸው ቢረሱ ግን የምንገኝበትን ተራራ አናውቀውም ማለት ነው።