ግብረ ገብ በነጥብ ይገኛልን?
የአንድ የካንሳስ ቤት ታሪክ

በጎነት በትምህርት ይገኛልን የሚለው ጥያቄ እጅግ የቈየ ነው። ፕላቶን «ሜኖን» በተባለው ድርሰቱ ክርክሩን የጀመረው በዚሁ ጥያቄ ነው። እኛ ግን በዚህ አጭር ጽሑፍ የምንመለከተው ፍልስፍናውን ሳይሆን፥ ጥያቄው በሃያኛው መቶ ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ በሥራ የተፈተነበትን ታሪክ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ለፈተናው መሠረት የሆነው የጠባይ ትንተና የተባለው የጥናት ዘርፍ ነው። አሜሪካዊው ሊቅ ቢ. ኤፍ. ስኪነር በ1938 እና በ1953 ባሳተማቸው መጻሕፍት እንዳስረዳው፥ አንድ ድርጊት መደጋገሙ ወይም መቅረቱ በአብዛኛው የሚወሰነው ድርጊቱን ተከትሎ በሚመጣው ውጤት ነው። ስለዚህ የዚህ ትምህርት ተከታዮች ልጁ በልቡ ምን ያስባል ብለው ከመከራከር ይልቅ፥ በዓይን የሚታየውን ድርጊቱን ቈጥረው መመዝገብን መረጡ።

በ1967 በካንሳስ ግዛት በሎረንስ ከተማ «አቺቭመንት ፕሌስ» የተባለ ቤት ተከፈተ። ወደዚያ የሚላኩት በጥፋት ምክንያት የወጣቶች ፍርድ ቤት ፊት የቀረቡ ጥቂት ወንዶች ልጆች ነበሩ። እንደ አባትና እንደ እናት ሆነው አብረዋቸው የኖሩት ኤለሪ ፊሊፕስና ባለቤቱ ኢሌን ሲሆኑ፥ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲው መምህር ሞንትሮዝ ዎልፍ ከጥናቱ መሪዎች አንዱ ነበረ።

የቤቱ ሥርዓት እንደሚከተለው ነበረ። እያንዳንዱ ልጅ ነጥቡ የሚመዘገብበት ካርድ ይይዛል። የቤት ሥራውን ሲሠራ፥ ክፍሉን ሲያጸዳ፥ በትሕትና ሲናገር ነጥብ ያገኛል፤ ሲዝት ወይም ሲዘገይ ነጥብ ይቀነስበታል። በተጠራቀመውም ነጥብ ቴሌቪዥን ማየት፥ ብስክሌት መንዳት፥ የኪስ ገንዘብ ማግኘትና ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ መመለስ ይፈቀድለታል። ፊሊፕስ በ1968 ባወጣው ጥናት፥ ነጥብ መቀነስ በተጀመረ ጊዜ የልጆቹ ዛቻና የጠብ ንግግር እንደ ቀነሰ፥ በሰዓት መገኘታቸውም እንደ ተሻሻለ አሳየ።

እዚህ ላይ ተቃዋሚው የሚያነሣውን ጥያቄ መሸሽ አይገባንም። በነጥብ የተገኘ ትሕትና የአንገት ነው ወይስ የአንጀት? ልጁ ደግ ሆነ ማለት ነው ወይስ ዋጋውን ዐወቀ ማለት ነው? የቤቱ መሪዎችም ጥያቄውን ሳያስቡበት አልቀሩም። ልጁ ጠባዩን ሲያሻሽል ነጥቡ እየቀረለት እንደ ማንኛውም የቤተሰብ ልጅ እንዲኖር ያደርጉ ነበር። ማታ ማታም ልጆቹ ተሰብስበው ስለ ቤቱ ሕግ ይመክራሉ፤ ጥፋተኛ የተባለውም ጓደኛቸው መቀጣት ይገባው እንደ ሆነ ይፈርዳሉ።

ይሁን እንጂ ትልቁ ትምህርት የተገኘው ከስኬቱ ሳይሆን ከውድቀቱ ነው። ይህንኑ የነጥብ ሥርዓት ወደ ሌላ ቤት ወስደው በሌሎች ባልና ሚስት እጅ ሲሞክሩት ሥራው ተበላሸ። ካርዱ ያው፥ ነጥቡም ያው ነበረ፤ ልጆቹ ግን በአዲሶቹ አሳዳጊዎች ቍጣና ትእዛዝ አማረሩ። ተመራማሪዎቹም ነጥብ ከመቍጠር አልፈው ልጆቹን «ከአሳዳጊ የምትወዱት ምንድን ነው?» ብለው ለመጠየቅ ተገደዱ። በ1977 በታተመ ጥናት ልጆቹ የመረጡት ምክንያቱን የሚያስረዳ፥ በፍርዱ የማያዳላ፥ በትሕትና የሚናገርና የሚጫወት አሳዳጊን ነበር። ዎልፍም በ1978 ባወጣው ጽሑፍ የሥራው ባለጉዳዮች ዓላማውን፥ መንገዱንና ውጤቱን ካልወደዱት ቍጥር ብቻ እንደማይበቃ አስገነዘበ፤ በጽሑፉም ርእስ ላይ ይህ ጥናት ልቡን ማግኘት መጀመሩን አመለከተ።

ሁለተኛው ፈተና ከዚህ የከበደ ነበር። በ1982 የታተመ ምርመራ በዚህ መንገድ የሚመሩ 13 ቤቶችን ከ9 ሌሎች ቤቶች ጋር አነጻጸረ። ልጆቹ በቤቱ ውስጥ ሳሉ በዚህ መንገድ ያደጉት ያነሰ ጥፋት ተመዘገበባቸው። ከወጡ በኋላ ባለው ዓመት ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ይህን ያህል የሚታመንበት ልዩነት አልተገኘም።

እንግዲህ ዘዴው ከንቱ ነው እንበልን? እንደ እኛ አስተያየት አይደለም። ድርጊት የሚጸናው በሚከተለው ውጤት ከሆነ፥ ልጁ ትሕትና ዋጋ ወደማይሰጥበት ሰፈር ሲመለስ ትሕትናው ቢደበዝዝ ሊያስደንቀን አይገባም። ይህ የጠባይ ትንተናውን መሠረት አያፈርስም፤ ያጸናዋል እንጂ። የሚወድቀው በጥቂት ወራት ሥልጠና ልጅን አርመን እንልካለን የሚለው ተስፋ ነው።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ነገ ክፍል ውስጥ መምህራን ይሆናሉ፤ ለተማሪም ምልክትና ሽልማት መስጠታቸው አይቀርም። የካንሳሱ ቤት ታሪክ ሽልማቱን አይነቅፍም። ነገር ግን የሕፃኑ ትሕትና የአንገት ነው ወይስ የአንጀት ብለን ከመመርመራችን በፊት፥ እኛ ራሳችን በምን ድምፅ እንደምንናገረው፥ ከደጃችን ሲወጣም ማን እንደሚቀበለው እንድንመረምር ያስገድደናል።