ገውዝ ጉበት፦ ከአስከሬን ምርመራ እስከ ሲቲ ስካን

የለንደኑ ሐኪም ጆርጅ በድ እ.ኤ.አ. በ1845 ስለ ጉበት በሽታዎች ባሳተመው መጽሐፍ፣ ደም ከጉበት የሚያወጡት ደም መልሶች መዘጋታቸውን መዝግቧል። ከ54 ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ በፕራግ የፓቶሎጂ ፕሮፌሰር የነበረው ሃንስ ኪያሪ ይህ መዘጋት ራሱን የቻለ በሽታ ነው ሲል ጻፈ። በሽታው እስከ ዛሬ በሁለቱ ስም በድ-ኪያሪ ይባላል።

በዚያ ዘመን የተዘጋውን ደም ሥር በዓይን ማየት የሚቻለው አስከሬን ሲከፈት ብቻ ነበር። መውጫ ያጣ ደም ጉበት ውስጥ ይቋጠራል። ጉበቱ ሲቆረጥ ጠቆር ያለ ቀይና ፈዛዛ ቢጫ ተደበላልቆበት ይታያል። ሐኪሞች የተቆረጠ ገውዝ ስለመሰላቸው «ገውዝ ጉበት» አሉት።

በሕይወት ያለን ሰው የውስጥ አካል ሳይከፍቱ በሲቲ ስካን በስስ ቁራጭ ማየት የተጀመረው እንግሊዝ ውስጥ ነው። የኢኤምአይ ኩባንያ መሐንዲስ ጎድፍሬይ ሃውንስፊልድ የሠራው ሲቲ ስካን፣ ጥቅምት 1 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል የመጀመሪያዋን ታካሚ አንጎል አነሳ። ያ መሣሪያ ግን ለጉበት አልሆነም፤ ጭንቅላትን ብቻ ያነሳ ነበር፤ አንዱን ቁራጭ ለማንሳትም ደቂቃዎች ይፈጅበት ነበር።

ጉበት ፍጥነት ይፈልጋል። ከደሙ ሦስት አራተኛ ያህሉ በፖርታል ደም ሥር፣ ቀሪው በደም ቅዳ ይደርሰዋል። ክንድ ላይ የተወጋ ኮንትራስት (ምስል ማድመቂያ ፈሳሽ) በደም ቅዳው በኩል በ30 ሰከንድ ገደማ፣ በፖርታሉ ግን በ70 ሰከንድ ገደማ ጉበትን ያደምቃል። ሁለቱን ጊዜያት ለይቶ መላውን ጉበት በአንድ ትንፋሽ ማንሳት የተቻለው፣ የፊዚክስ ሊቁ ቪሊ ካሌንደርና ባልደረቦቹ በ1989 ጠመዝማዛውን (ስፓይራል) ሲቲ ካስተዋወቁ ወዲህ ነው።

በእንዲህ ያለ ምስል በድ-ኪያሪ በሕያው ሰው ላይ መልኩን ያሳያል። ካውዴት የተባለው የጉበት ክፍል ደሙን በራሱ ትንንሽ ሥሮች በቀጥታ ወደ ታላቁ ደም መልስ ስለሚያፈስ ቀድሞ ይደምቃል፤ ዳር ዳሩ ግን ደብዝዞ ይቆያል። ዘግይቶ በሚነሳው ምስል መሀሉ ሲደበዝዝ ዳሩ ይደምቃል።

በምስሉ የሚታየው ይህ ገውዝ መሳይ ቡራቡሬ እንግዲህ የመሣሪያ ጉድለት አይደለም፤ የታገደ ደም አሻራ ነው። ለብቻው ግን በድ-ኪያሪን አያረጋግጥም፤ የቀኝ ልብ ድካምም ደሙን ወደ ኋላ አቁሮ ተመሳሳይ መልክ ይሰጣል። ፍርዱን የሚሰጠው ዛሬም የ1845ቱ ጥያቄ ነው፦ ደም መልሶቹ ክፍት ናቸው ወይስ ተዘግተዋል?