ከአየር እርጥበት የሚመነጭ ኤሌክትሪክ፦ አሠራሩና አቅሙ

በክረምት ወራት በዕቃ የተቀመጠ ጨው ውኃ ሳይነካው ይረጥባል። ይህ የሚሆነው ጨው በአየር ውስጥ ያለውን፣ ለዓይን የማይታየውን የውኃ ተን ስቦ ስለሚይዝ ነው። ተመሳሳይ ባሕርይ ያላቸው ቁሶች እርጥበት ሳቢ ይባላሉ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ እርጥበት በሚስቡበት ጊዜ ኤሌክትሪክ እንዲሰጡ ማድረግ ተችሏል።

በዘርፉ በስፋት የሚታወቀው በአሜሪካ የማሳቹሴትስ አምኸርስት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ነው። ጁን ያኦ፣ ዴሪክ ላቭሊና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2020 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ጂኦባክተር የተባለ ባክቴሪያ ከሚሠራው እጅግ ቀጭን የፕሮቲን ክር 7 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ስስ ንጣፍ አዘጋጁ። ንጣፉ በሁለት ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ገጾች መካከል ይቀመጣል። የታችኛው ገጽ ንጣፉን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው፣ የላይኛው ግን ከፊሉን ለአየር ክፍት ይተወዋል። በመሆኑም የንጣፉ የላይኛው ክፍል ከታችኛው የበለጠ እርጥበት ይይዛል፤ ኤሌክትሪኩ የሚመነጨውም ከዚህ ልዩነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ቀጣይ ጥናት የባክቴሪያ ክር የግድ እንዳልሆነ አሳየ። ወሳኙ ነገር በቁሱ ውስጥ ስፋታቸው ከ100 ናኖሜትር ያነሰ፣ ማለትም የሰው ጸጉር ውፍረት አንድ ሺህኛ ገደማ የሆኑ ቀዳዳዎች መኖራቸው ነው። የውኃ ሞለኪውሎች በእነዚህ ጠባብ ቀዳዳዎች ሲያልፉ ግድግዳውን እየነኩ ይሄዳሉ። በላይኛው ክፍል ብዙ ሞለኪውል ስለሚያርፍ በላይና በታች መካከል የቻርጅ ልዩነት ይፈጠራል። ተመራማሪዎቹ ይህን መብረቅ ከሚያፈልቅ ደመና ጋር ያመሳስሉታል።

አቅሙ ግን ገና ትንሽ ነው። የ2020ው ንጣፍ የሰጠው 0.5 ቮልት ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሴንቲ ሜትር የተገኘው 17 ማይክሮ አምፔር ያህል ነው። ሁለቱ ሲባዙ ከአንድ ካሬ ሜትር የሚገኘው ኃይል 0.1 ዋት እንኳ አይሞላም። 1 ዋት የምትፈጅ አነስተኛ አምፖል ለማብራት 12 ካሬ ሜትር ያህል ንጣፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። በአንጻሩ አንድ ካሬ ሜትር የፀሐይ ፓነል በጠራ ቀትር ከ150 ዋት በላይ ይሰጣል። ስለሆነም ለቤት መብራት ወይም ለመስኖ ፓምፕ የፀሐይ ፓነል ለመግዛት ያሰበ ሰው ይህን ቴክኖሎጂ እየጠበቀ ውሳኔውን የሚያዘገይበት ምክንያት የለም።

ብልጫው ሌሊትም ሆነ በደመናማ ቀን፣ ቤት ውስጥም ጭምር መሥራቱ ነው። ስለዚህ ቅርብ የሚመስለው አገልግሎት በየተወሰነ ጊዜ ነቅተው የሚለኩ፣ ለምሳሌ የጎተራን እርጥበትና ሙቀት የሚከታተሉ ጥቃቅን መሣሪያዎችን ማንቀሳቀስ ነው። ንጣፎቹ ስስ በመሆናቸው በርካታዎቹን ደራርቦ ኃይሉን ማሳደግ ይቻላል። ሆኖም በየንጣፉ መካከል አየር የሚገባበት ክፍተት መተው ስለሚያስፈልግ፣ ክምሩን ጠንካራና ርካሽ አድርጎ ማምረት ከቤተ ሙከራ ለመውጣት የሚጠብቀው ዋና ሥራ ነው።