ገቺ ምክንያት፦ ብርሃን አስተፃምሮ በጎንደር ደጋና ቆላ

በትምህርት ቤት መጻሕፍት «ብርሃን አስተፃምሮ» እየተባለ የሚጻፈው፣ የውጭ ሊቃውንትም «ፎቶሲንተሲስ» የሚሉት ግብር፣ ስሙን ያገኘው አሰረ፣ አጋጠመ፣ አንድ አደረገ ማለት ከሆነው «ፀመረ» ከተባለው የግእዝ ግሥ ሲሆን፣ ዕፅዋት በብርሃን ኃይል ውሃንና አየርን አዋሕደው ምግባቸውን የሚያዘጋጁበትን ጥበብ በሁለት ቃል ስለሚገልጥ፣ ተርጓሚዎቹ የሚመሰገን ሥራ ሠርተዋል። ይህ ስም ለተማረው ሁሉ የታወቀ ነው፤ ገና ያልተለመደው ግን፣ ይኸው ግብር በአንድ ስፍራና በአንድ ሰዓት የሚፋጠንበትን፣ በሌላው የሚዘገይበትን ምክንያት ለመናገር የሚያስፈልገን ቃል ነው። እኔ «ገቺ ምክንያት» ብየዋለሁ። ከልካይ ያላልኩት፣ ከልካይ ፈጽሞ የሚያቆም ስለሚመስል ነው፤ መግታት ግን እየሄደ ያለውን ነገር ፍጥነቱን መያዝ ነው።

ዕፅ ውሃን በሥሩ ይስባል፤ እንስሳት ተንፍሰው የሚያወጡትን፣ እሳትም ሲነድ የሚያወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቅጠሉ ረቂቃን ቀዳዳዎች ያስገባል፤ ክሎሮፊል የተባለው ሐመልማላዊ ቀለሙ የፀሐይን ብርሃን ሲቀበል ከሁለቱ ስኳር ይሠራል፣ ኦክሲጅንንም ይለቃል። ሥነ ፍጥረትን የተማረ ሰው በዚህ ላይ፣ አዝርዕት፣ አትክልትና ዕፅዋት በዕለተ ሠሉስ፣ ፀሐይ ግን በማግሥቱ በዕለተ ረቡዕ መፈጠራቸውን አንሥቶ ቢጠይቅ፣ መምህራኑ ብርሃን ራሱ ከእሑድ ፍጥረታት አንዱ መሆኑን ይመልሱለታል። ከዚያው ከእሑድ ፍጥረታት የሚቆጠሩት አራቱ ባሕርያት፣ እሳት፣ ነፋስ፣ ውሃና መሬት፣ የዘመኑ ሳይንስ ለዚህ ግብር ከሚዘረዝራቸው ከሙቀት፣ ከአየር፣ ከውሃና ከአፈር ማዕድን ጋር መመሳሰላቸው፣ ማስረጃ ነው ባልልም፣ ደስ ያሰኘኛል።

ዕፅዋት አየርን የሚያጠሩት በብርሃን ብቻ መሆኑን ሆላንዳዊው ሐኪም ያን ኢንገንሀውስ እ.ኤ.አ. በ1779 አስረድቶ ነበር፤ የፍጥነቱን ሕግ ግን እንግሊዛዊው ፍሬድሪክ ብላክማን እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጽሑፍ ደነገገው። ሕጉም፣ አንድ ግብር ብዙ ነገሮችን የሚሻ ሲሆን፣ ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ያነሰው ነው የሚል ነው። ነጋድያን ከጎንደር ወደ መተማ ሲወርዱ ቅፍለቱ ይጓዝ የነበረው በብርቱዋ በቅሎ ሳይሆን በደካማዋ አህያ እርምጃ እንደ ነበረ ሁሉ፣ ውሃ ለጠማው ቅጠል ብርሃን ቢጨምሩለት ሥራው አይፋጠንም፤ ውሃውን ሲያገኝ ደግሞ የመግታቱ ተራ ለሌላው ይደርሰዋል።

ጎንደር በ12 ዲግሪ ተኩል ሰሜናዊ ኬክሮስ ገደማ ስለምትገኝ፣ ከዓመቱ ረጅሙ ቀን አጭሩን የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሰሜን አውሮፓ በበረዶ ወራት ዕፅዋትን የሚያስጨንቃቸው የብርሃን ማጠር በእኛ ዘንድ የለም ማለት ይቻላል። በሐምሌና በነሐሴ ደመናው ሲከብድ፣ ወይም በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ከጽዱና ከወይራው ሥር ላለች ቡቃያ ካልሆነ በቀር፣ ብርሃን ብዙ ጊዜ ገቺ አይሆንም። በጥላ ያደገውን ቅጠል በፀሐይ ካደገው ጋር አስተያይቶ የዳሰሰ ሰው፣ የጥላው ሰፋና ሳሳ ብሎ እንደሚገኝ ያስተውላል፤ ጥቂቷን ብርሃን ለመልቀም ነው።

ነገሩ የሚረቀው ወደ ስሜን ተራሮች ሲወጡ ነው። ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአየር ውስጥ ከ10,000 እጅ 4 እጅ ያህል ብቻ ሲሆን፣ 3,600 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው በግጭ አምባ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ስለሆነ፣ እጁ ባይለወጥም፣ በአንድ ክንድ አየር ውስጥ ለቅጠሉ የሚደርሰው ያንሳል። ከዚህም ይልቅ የሚበረታው ብርዱ ነው። ብርሃንን መቀበሉ ለቅዝቃዜ እምብዛም አይበገርም፤ ስኳሩን የሚሠሩት ኢንዛይሞች ግን በመጠነኛው ሙቀት መካከል 10 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር ፍጥነታቸው በግማሽ ያህል ይወርዳል። እንግዲህ በኅዳር ንጋት፣ አመዳዩ ገና ሳይቀልጥ ፀሐይ በድንገት ስትወጣ፣ ቅጠሉ የተቀበለውን ኃይል የሚያውልበት ስለሚያጣ፣ ትርፉ ብርሃን መልሶ ራሱን ይጎዳዋል።

በዚያ ከፍታ የምትበቅለው ጅባራ የተባለችው ተክል ይህን መከራ የምትችልበት ሥርዓት አላት። ሲመሽ ረጃጅም ቅጠሎቿን ወደ ላይ ሰብስባ በመካከል ባለው ለጋ እንቡጥ ላይ ትከድናቸዋለች፤ ውርጩ በውጭ ባሉት ላይ ሲያርፍ የውስጠኞቹ ይድናሉ፤ ፀሐይ ካሞቀቻት በኋላ መልሳ ትዘረጋቸዋለች። እንዲህ እያለች ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ከሰው ቁመት በእጅጉ የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አንድ ጊዜ ብቻ አውጥታ ትሞታለች። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ማስረሻ ፈጠነ ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የጅባራን ብርሃን አስተፃምሮና ብርሃን ሲበዛ የሚደርስባትን ጉዳት መርምረው እ.ኤ.አ. በ1997 ጽፈዋል። በዳባትና በደባርቅ ደጋ ገብስ ከመሬት ብዙ ወር የሚቆየውም በከፊል በዚሁ ብርድ ምክንያት ነው።

ወደ ቆላው ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። ሙቀት ሲበዛ የገብስና የስንዴ ቅጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሊይዝ ሲገባው ኦክሲጅንን አሳስቶ እየያዘ ድካሙን ያባክናል፤ ጤፍ፣ በቆሎና ማሽላ ግን ካርቦኑን አስቀድመው በቅጠላቸው ውስጥ የሚያከማቹበት ልዩ መንገድ ስላላቸው ይህ ስሕተት አይበዛባቸውም፤ ማሽላ በመተማና በቋራ ሐሩር መክበሩ ያለ ነገር አይደለም። በዚያ ገቺው ብዙውን ጊዜ ውሃ ነው። ውሃ ያነሰው ተክል በቀትር የቅጠሉን ቀዳዳዎች ይዘጋል፤ እርጥበቱን ሲያድን አየሩንም ከውጭ ያስቀራል፤ እንዲህም የውሃው እጦት የአየር እጦትን ይወልዳል።

ደምቢያ ሜዳ ላይ ደግሞ ጥፋቱ የመብዛት ነው። ጥቁሩ የመረሬ አፈር በክረምት ውሃ አቁሮ ሥሩን ትንፋሽ ያሳጣዋል፤ ናይትሮጅኑም ስለሚባክን ቅጠሉ ይወይባል፤ ቀለሙ የጠፋ ቅጠል ብርሃንን በምን ይቀበላል? ገበሬው ሽምብራውንና ጓያውን ክረምቱ ሲወጣ፣ በቀረው እርጥበት ላይ የሚዘራው ይህን አስልቶ ነው።

ከደምቢያ በታች፣ በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ፣ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ ገቺ ያጣ ተክል ምን እንደሚሆን ያሳያል። ሙቀቱ ይስማማዋል፤ ውሃው ከእግሩ ሥር ነው፤ ብርሃኑ ሙሉ ነው፤ መገጭና ሌሎቹ ወንዞች ከተራቆተው ተዳፋት ጠርገው የሚያመጡት አፈር ማዕድኑን ያቀርብለታል። በውሃው ላይ ከሚዘረጋው የእምቦጭ ምንጣፍ በታች ግን ብርሃን ስለማይደርስ የዋቅላሚው (የአልጌው) አስተፃምሮ ይገታል፤ ኦክሲጅኑ ያንሳል፤ ዓሣውም ይጨነቃል። በዘመቻ በእጅ የሚነቀለው እምቦጭ ተመልሶ የሚያቆጠቁጠው፣ ያ ሁሉ ስንቅ ባለበት ስላለ ነው። ፀሐይን ለማጥፋት ወይም ሐይቁን ለማቀዝቀዝ የሚቻለው የለም፤ ሰው ሊያሳንሰው የሚችለው፣ በመገጭ ተፋሰስ እርከን ሠርቶና ተዳፋቱን አልብሶ፣ ከወንዙ ጋር የሚወርደውን አፈርና ማዕድን ነው።