ልበ አንበሶቹ ወንድማማቾችና አዋቂ አንባቢዎቻቸው

ስዊድናዊቷ ደራሲ አስትሪድ ሊንድግሬን «ልበ አንበሶቹ ወንድማማቾች» የተሰኘውን የሕፃናት ልቦለድ እ.ኤ.አ. በ1973 ስታሳትም፣ በ1945 በወጣው «ፒፒ» ስሟ አገር ያዳረሰ ደራሲ ነበረች። በዚህኛው መጽሐፍ ግን ሞት ገና ከመጀመሪያዎቹ ገጾች ይመጣል። ታዳጊው ካርል በጽኑ ታሞ አልጋ ይዟል፤ ታላቅ ወንድሙ ዮናታን ከሞት ባሻገር ስላለችው ስለ ናንጊያላ እያወጋ ያጽናናዋል። ቤታቸው በእሳት ሲያያዝ ዮናታን ታናሹን አዝሎ በመስኮት ይዘላል፤ የሚሞተውም ጤነኛው ዮናታን ነው። ብዙም ሳይቆይ ካርል ይከተለዋል። ናንጊያላ ግን የዕረፍት አገር ሆና አልቆየቻቸውም፤ ቴንጊል የተባለ ጨቋኝ፣ ካትላ በተባለች እሳት የምትተፋ ዘንዶ እያስፈራራ፣ አንደኛውን ሸለቆዋን በግንብ አጥሮ ይገዛል።

የአዋቂዎቹ ነቀፌታ በሁለት ወገን መጣ። በትግሉ ፍጻሜ ዮናታን በዘንዶዋ እሳት ተለብልቦ ሰውነቱ ሲሽመደመድ፣ ካርል በተራው ወንድሙን አዝሎ ወደ ገደል ይዘላል። አንዳንዶች ይህን ራስን ማጥፋትን እንደ መስበክ ቆጠሩት። የግራው ክንፍ ሐያስያን ደግሞ መጽሐፉ የጭቆናን ማኅበራዊ ሥር ሳይመረምር በጎውንና ክፉውን እንደ ነጭና ጥቁር ለይቶ አስቀምጧል አሉ።

ይህ ሁለተኛው ክስ ከናካቴው መሠረተ ቢስ አይደለም፤ ቴንጊል በምን ምክንያት ጨቋኝ እንደሆነ መጽሐፉ አይነግረንም። ይሁንና ካርል በከሃዲነት የጠረጠረው አዳኝ ታማኝ፣ በፈገግታው የወደደው ባለ መጠጥ ቤት ደግሞ ከሃዲ ሆኖ የሚገኝበትን ታሪክ ነጭና ጥቁር ማለት አስቸጋሪ ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ደግሞ የዮናታን ነው። የትግሉን መሪ ኦርቫርን ከካትላ ዋሻ ያስመልጣል፤ በጦርነቱም ይሰለፋል፤ ሰው ግን አልገድልም ይላል። ኦርቫር ይህን አቋም ለክፋት በር እንደ መክፈት ያየዋል፤ ካርል አይቀበለውም። ደራሲዋ ለአንዳቸውም አልፈረደችም። ድሉ የመጣው በደም ነው፤ ከወደቁትም መካከል አንባቢው የወደዳቸው ሰዎች አሉበት።

ስለ ፍጻሜው ሊንድግሬን ለልጆች የደስታ ፍጻሜ ነው ስትል ተከራክራለች። በእርግጥም ገደሉን ብቻ ያየ አዋቂ፣ ፈሪ ነኝ ይል የነበረው ታናሽ አሁን ታላቁን ማዘሉን ሳያስተውል አልፏል። ለመጽሐፉ መነሻ ከሆኗት ነገሮች አንዱን ደራሲዋ ራሷ ተናግራለች፤ ይኸውም በትውልድ ከተማዋ በቪመርቢ መካነ መቃብር ያየችው፣ በ1860 በሕፃንነታቸው የሞቱ የሁለት ወንድማማቾች መቃብር ነው።