ሃልሲዮን ስለሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል

እንግሊዞች ነፋስ የሌለበትን ጸጥተኛና ብሩህ ቀን «ሃልሲዮን» በሚል ቅጽል ይገልጹታል። የቃሉ ምንጭ ግን ግሪክ ነው። ግሪኮች ዓሣ እያደነች የምትኖረውን አንዲት ወፍ አልኪዮን ይሏት ነበር፤ ኋላም ባሕር ማለት ከሆነው «ሃልስ» ጋር አያይዘው ሃልኪዮን አሏት።

በአፈ ታሪካቸው እንደሚነገረው፣ አልኪዮኔ የምትባል ሴት ባሏ ኬይክስ በማዕበል ሰጥሞ ቢሞትባት፣ ከኀዘኗ ብዛት ራሷን ወደ ባሕር ወረወረች፤ አማልክቱም ራርተው ሁለቱንም ወፎች አደረጓቸው። ወፊቱ እንቁላሏን በምትታቀፍበት ጊዜ፣ ሌሊት እጅግ ከሚረዝምበት ዕለት በፊት 7 ቀን፣ ከዚያም በኋላ 7 ቀን፣ ማዕበሉ ጸጥ ይላል ይባል ነበር። አርስጣጣሊስም ስለ እንስሳት በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ቍጥር አስፍሯል።

በእውነቱ ወፊቱ የምትፈለፍለው በባሕር ላይ ሳይሆን የወንዝ ዳር አፈር ቆፍራ ነው። ተረቱ ቢወድቅም ቃሉ ጸንቶ ቀረ፤ ትርጕሙም ከአየር ጠባይ አልፎ ወደ ሰው ኑሮ ተሻገረ።

ስለዚህ ቃሉን በጽሑፍ ስናገኘው «ነፋስ የሌለበት» ብለን ለመተርጐም አንቸኵል። ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የሚናፍቀው ያለፈውን ደግ ዘመን ነው። የወፊቱ ጸጥታ ከኀዘን በኋላ የመጣ፣ ቀኑም የተቈጠረ ነበርና።