ቅርጫት ኳስ ለጎልማሶች፦ ለመጀመር ምን ያስፈልጋል?

በወላይታ ሶዶና በሌሎች የዞኑ ከተሞች ኑሯቸውን ከማሳ ወደ ሱቅ፣ ወደ ቢሮ ወይም ወደ ባጃጅ ያዛወሩ በርካታ ነዋሪዎች አብዛኛውን ቀን ተቀምጠው ያሳልፋሉ። ሰውነት በእርሻ ሥራ ያገኝ የነበረው እንቅስቃሴ ሲቋረጥ ክብደት ይጨምራል፤ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድልም ይሰፋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ፣ አልያም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። ቅርጫት ኳስ ይህን ለማሟላት ከሚያስችሉ ጨዋታዎች አንዱ ነው።

የተለመደው መንገድ

በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ጎልማሶች በማለዳ ተሰባስበው የሚጫወቱባቸው «የጤና ቡድን» የሚባሉ ስብስቦች ይገኛሉ። ኅዳር 30 ቀን 2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በተለያዩ ከተሞች መንገዶች ለተሽከርካሪ ተዘግተው የተካሄደው የብዙኃን ስፖርትም ዓላማው ተመሳሳይ ነበር። የጤና ቡድኖች በአብዛኛው የሚያዘወትሩት እግር ኳስን ቢሆንም፣ ሰፊ ሜዳና ብዙ ሰው በማይገኝበት ቦታ ቅርጫት ኳስ የተሻለ አማራጭ ሊሆን ይችላል።

ጨዋታው ራሱ የተፈጠረው ለአዋቂዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔስሚዝ የተባለ መምህር 18 አዋቂ ተማሪዎቹ በክረምት ቅዝቃዜ እንቅስቃሴያቸውን እንዳያቋርጡ የኮክ ፍሬ መያዣ ቅርጫት ሰቅሎ አስጀመራቸው። ስያሜውም ከዚያ የመጣ ነው።

ስድስት ሰውና አንድ ቅርጫት

ሙሉ ሜዳ 28 በ15 ሜትር ሲሆን አሥር ተጫዋቾች ይሰለፉበታል። ለጀማሪዎች ግን «ሦስት ለሦስት» የሚባለው ዓይነት ይበቃል። በቶኪዮ ኦሊምፒክ በይፋ የተካተተው ይህ ጨዋታ 15 በ11 ሜትር ሜዳና አንድ ቅርጫት ብቻ ይጠይቃል። 10 ደቂቃ ይፈጃል፤ አንዱ ቡድን ቀድሞ 21 ነጥብ ከሞላም ያበቃል።

በአካባቢው ቅርጫት ከሌለ በብየዳ ቤት ማሠራት ይቻላል። ቀለበቱ ከ16 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ይሠራል፤ የውስጥ ስፋቱ 45 ሴንቲ ሜትር ሲሆን ከመሬት 3.05 ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀላል። ምሰሶው በጥልቀት መተከልና እንዳይወድቅ መጽናት አለበት። ለወንዶች 7 ቁጥር፣ ለሴቶች አነስ ያለው 6 ቁጥር ኳስ ይመረጣል።

አርሶ አደሩስ?

በሬ ጠምዶ የሚያርስ፣ ማሳ የሚኮተኩት ወይም እንሰት የሚፍቅ ሰው በቂ እንቅስቃሴ ያደርጋል። በሥራ ወቅት ለደከመ ሰውነት ዕረፍት እንጂ ተጨማሪ ሩጫ አያሻውም። ምርት ከተሰበሰበ በኋላ የበልግ ዝናብ እስኪጀምር ባለው የበጋ ጊዜ ግን ጨዋታው ጥንካሬን ለማቆየትና ከጎረቤት ጋር ለመገናኘት ይረዳል።

አጀማመር

ለዓመታት ያልተንቀሳቀሰ ሰው ወዲያውኑ ወደ ግጥሚያ መግባት የለበትም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የእግር ጉዞ፣ ኳስ ማንጠርና መወርወር ይበቃሉ። በመጠነኛ እንቅስቃሴ ጊዜ ሰው መናገር ይችላል፤ መዝፈን ግን ይከብደዋል። መናገርም ካቃተው ፍጥነቱን መቀነስ ይኖርበታል። ከጨዋታ በፊት 10 ደቂቃ ማሟሟቅ፣ በሳምንት ሁለት የተወሰኑ ቀናት መመደብና ለኳስ መግዣ ጥቂት መዋጮ ማድረግ ቡድኑ እንዳይበተን ያግዛሉ።

ጥንቃቄ

የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ የጤና ባለሙያ ማማከር ይገባዋል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ሰዎች ስኳር ወይም ከረሜላ መያዝ አለባቸው። በጨዋታ መካከል የደረት ሕመም ወይም ራስን የመሳት ስሜት ከተከሰተ ወዲያውኑ አቁሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል።

በዚህ ስፖርት በብዛት የሚያጋጥመው ጉዳት የቁርጭምጭሚት ወለምታ ነው። የተጎዳውን እግር ማሳረፍ፣ በቀዝቃዛ ነገር መያዝና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ይመከራል። አራት እርምጃ እንኳ መራመድ ካልተቻለ ስብራት ሊኖር ስለሚችል፣ ከመታሸት በፊት በጤና ተቋም የራጅ ምርመራ ማድረግ ይገባል።